«ሰረቀኝ» በእንግሊዝኛ ለምን ይከብዳል? የጥፋት ቃላትን ሳያምታቱ የመጠቀም መመሪያ

የሰዎችን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ማረም ከጀመርኩ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቀኝም። አጠያየቁ ይለያያል እንጂ ነገሩ ያው ነው። «ክራይም ልበል ወይስ ኦፌንስ?» «ስቲል ነው ሮብ?» «ከአክዩዝድ በኋላ ኦፍ ነው ፎር የሚገባው?» ለእያንዳንዱ ጠያቂ ለየብቻ እየመለስኩ ሰለቸኝ። ስለዚህ እኔ ራሴ ስጽፍም ሳርምም የምከተለውን አካሄድ ደረጃ በደረጃ አስቀምጫለሁ።

አብዛኞቻችሁ ቃላቱን ታውቋቸዋላችሁ። የሚጥላችሁ የአማርኛው ግስ ነው። «ከሰሰ» ለእኛ አንድ ቃል ነው፤ እንግሊዝኛው ለሦስት ይከፍለዋል። «ታሰረ»ም «ተፈረደበት»ም እንደዚያው። የት ላይ እንደሚከፈሉ ካወቃችሁ ግማሹ ሥራ አለቀ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ከእንግሊዝኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚተረጉም፣ ለቋንቋው ተማሪዎች የተዘጋጀ መዝገበ ቃላት። በስልክ የሚጫነውም ይሆናል። ዋናው ነገር ምሳሌ ዓረፍተ ነገር ያለው፣ ስሞቹ የሚቆጠሩ መሆን አለመሆናቸውንም የሚያሳይ መሆኑ ነው።
• የትኛው ግስ ከየትኛው ስም ጋር እንደሚሄድ የሚያሳይ የኮሎኬሽን መዝገበ ቃላት። ከሁሉም ይልቅ የሚጠቅማችሁ ይሄ ነው።
• በእንግሊዝኛ የተጻፉ ሁለት ሦስት የፍርድ ቤት ዜናዎች።
• ደብተር። አንዱ ገጽ ለግሶች፣ ሌላው ለመስተዋድዶች።

የአማርኛ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያላችሁ አትጣሉት። ግን መጀመሪያ እሱን አትክፈቱ። «ጥፋት» ብላችሁ ብትፈልጉ ሰባት ስምንት ቃል ደርድሮ ይሰጣችኋል፤ የትኛው መቼ እንደሚገባ ግን አይነግራችሁም።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህ የቋንቋ መመሪያ ነው። የክስ ወረቀት፣ የፍርድ ውሳኔ ወይም ውል የምትተረጉሙ ከሆነ የሚመለከተውን አገር ሕግ የሚያውቅ ሰው ሳያየው አትልቀቁት። አንዱ ቃል በተለያዩ አገሮች ሕግ የተለያየ ትርጉም ሊኖረው ይችላል።

ደረጃ 1፦ «ጥፋት» የሚለውን ቃል ትታችሁ ድርጊቱን ጻፉ

እንግሊዝኛውን ከመንካታችሁ በፊት የሆነውን ነገር በአማርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘርዝሩት። ማን ምን አደረገ? በማን ላይ? በኃይል ነው በድብቅ? አስቦበት ነው ሳያስበው?

ይህ የሚያስፈልገው «ጥፋት» በጣም ሰፊ ቃል ስለሆነ ነው። ብርጭቆ መስበርም ጥፋት ነው፣ ሰው መግደልም ጥፋት ነው፣ ጎርፍ ያወደመውም ጥፋት ይባላል። አንድ ሰው ለአለቃው የይቅርታ ደብዳቤ ሲጽፍ «አጥፍቻለሁ» ለማለት «አይ ሜድ ኤ ዲስትራክሽን» ብሎ አየሁ። አለቃው ያንን ሲያነብ ሕንፃ ያፈረሰ ነው የሚመስለው። ሰውየው ያደረገው ሪፖርት ማዘግየት ብቻ ነበር። «ሪፖርቱን አዘገየሁ» ብሎ ቢነሳ ኖሮ ቃሉ ራሱ ይመጣለት ነበር።

ደረጃ 2፦ ዳኛው ማን እንደሆነ ጠይቁ

ድርጊቱን «ጥፋት ነው» የሚለው ማን ነው? ሕግ ነው? ሃይማኖት? መሥሪያ ቤት? ወይስ የራስ ሕሊና? የቃሉ ቤተሰብ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው።

ሕግ ከሆነ፦ «ክራይም» እና «ኦፌንስ» አሉላችሁ። «ክራይም» ሰው ሁሉ በየቀኑ የሚለው፣ ከበድ ያለ ቃል ነው። «ኦፌንስ» የሕጉ ቃል ነው፤ ትንሹንም ትልቁንም ይይዛል። ቀይ መብራት የጣሰ ሾፌር የፈጸመው «ትራፊክ ኦፌንስ» ነው። «ትራፊክ ክራይም» ብትሉ ነገሩን ያለ ልኩ አገዘፋችሁት። ድርጊቱን የፈጸመው ሰው «ኦፌንደር» ነው። «ኦፌንሲቭ» ግን ሌላ ነው፤ ሰውን የሚያስቀይም ንግግር ወይም ነገር ማለት ነው። «ቴክ ኦፌንስ» መቀየም ነው፤ «ኖ ኦፌንስ» ደግሞ «እንዳትቀየም» እንደምንለው ነው። አጻጻፉም ይለያያል፤ ብሪታንያዎቹ «ኦፌንስ»ን ከመጨረሻዋ «ኢ» በፊት በ«ሲ» ይጽፉታል፣ አሜሪካኖቹ በ«ኤስ»። አንዱን ከመረጣችሁ እስከ መጨረሻው በዚያው ሂዱ።

ሃይማኖት ከሆነ፦ «ሲን»። ምቀኝነት «ሲን» ነው፤ ፖሊስ ግን አይመጣበትም። መኪና በተከለከለ ቦታ ማቆም «ኦፌንስ» ነው፤ ንስሐ የሚገባበት ግን አላየሁም። ሁለቱን የምታቀያይሩ ከሆነ ይህችን ጥንድ አስታውሱ።

የሙያ ወይም የሥራ ደንብ ከሆነ፦ «ሚስኮንዳክት»። የማይቆጠር ስም ስለሆነ «ኤ» አይቀድመውም። ሐኪም ወይም ጠበቃ በሙያው ከሚጠበቅበት በታች ሠርቶ ሰው ሲጎዳ «ማልፕራክቲስ» ይባላል። ማድረግ የነበረበትን ጥንቃቄ ባለማድረጉ ከሆነ «ኔግሊጀንስ» ነው።

በሰውና በሰው መካከል ከሆነ፦ እዚህ ብዙዎች የማይጠቀሙበት ጥሩ ቃል አለ። «ሮንግ» ግስም ይሆናል። «ሂ ሮንግድ ሚ» ማለት ልክ «በደለኝ» ነው። «በደል»ን ለመተርጎም ስትቸገሩ መጀመሪያ እሱን ሞክሩት።

ማንም የማይፈርድበት ተራ ስህተት ከሆነ፦ «ሚስቴክ»፤ በኮምፒውተር፣ በስሌትና በመደበኛ ጽሑፍ ላይ ደግሞ «ኤረር»።

ጥፋት መኖሩ ተጠርጥሮ ዓይነቱ ገና ካልታወቀ «ሮንግዱዊንግ» ጃንጥላ ቃል ነው። ዜና ላይ «ዲናይድ ኤኒ ሮንግዱዊንግ» ሲባል ትሰማላችሁ፤ «ምንም አላጠፋሁም ሲል አስተባበለ» ማለት ነው። ይሄም አብዛኛውን ጊዜ አይቆጠርም።

«ግፍ» እና «ነውር» አንድ ለአንድ የሚተካቸው ቃል የላቸውም። ግፉ በአንድ ሰው ላይ ከሆነ «ኢንጀስቲስ»፣ የጅምላ ግድያና ጭካኔ ከሆነ «አትሮሲቲ» ይቀርባል። ነውርን በቅጽል ብትሉት ይሻላል፤ «ሼምፉል» ወይም «ዲስግሬስፉል»። በስም ካልተረጎምኩ ብላችሁ አትታገሉ።

ደረጃ 3፦ ክብደቱንና አገሩን አያይዙ

በአሜሪካ ከባዱ ወንጀል «ፌሎኒ»፣ ቀላሉ «ሚስዲሚነር» ይባላል። በፌዴራሉ ሕግ መስመሩ 1 ዓመት ነው፤ ከዚያ በላይ የሚያሳስር ከሆነ «ፌሎኒ» ነው። እንግሊዝና ዌልስ ግን ይህን ክፍፍል በ1967 በወጣ ሕግ ሰርዘውታል (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ስለዚህ ስለ ለንደን በምትጽፉት ዜና ውስጥ «ፌሎኒ» ከገባ፣ ጸሐፊው የአሜሪካ ፊልም እንዳበዛ ያስታውቃል።

አገሩን ካላወቃችሁ «ሲሪየስ ክራይም» እና «ማይነር ኦፌንስ» በየትም አያሳፍሩም።

ደረጃ 4፦ ስሙን ከትክክለኛው ግስ ጋር አጋቡ

አማርኛ ወንጀልንም «ሠራ»፣ ስህተትንም «ሠራ»፣ ኃጢአትንም «ሠራ» ይላል። እንግሊዝኛው አይፈቅድም።

• «ኮሚት» ከክራይም፣ ከኦፌንስ፣ ከሲን፣ ከመርደር እና ከፍሮድ ጋር ይሄዳል።
• «ሜክ» ከሚስቴክ እና ከኤረር ጋር።
• «ቴል» ከ«ላይ» ጋር፤ «ላይ» ውሸት ማለት ነው።
• «ብሬክ» ከሕግ፣ ከደንብ እና ከቃል ኪዳን ጋር።
• «ቴክ» ወይም «አክሴፕት» ከብራይብ ጋር።

ጉቦ በእንግሊዝኛ አይበላም፤ ይወሰዳል ወይም ይቀበሉታል። ቃልም አይበላም። እንዲያውም «ኢት ዩር ዎርድስ» የሚል አባባል አላቸው፤ ትርጉሙ ግን ሌላ ነው፤ የተናገሩት ስህተት ሆኖ ሲገኝ አፍሮ ማመን ማለት ነው። «ቃሉን በላ» ስትሉ «ብሮክ ሂዝ ፕሮሚስ» በሉ።

«ኮሚት» ላይ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። በኃላፊ ጊዜ «ቲ» ፊደል ትደገማለች፤ አንድ ብቻ አድርጎ መጻፍ በየቀኑ የማየው ስህተት ነው። ሁለተኛ፣ «ኮሚትመንት» ወንጀል መፈጸም አይደለም፤ ቁርጠኝነት ወይም የገቡት ግዴታ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ራስን ስለ ማጥፋት ስትጽፉ «ኮሚት» አትጠቀሙ። ግሱ ወንጀል ወይም ኃጢአት የሚል ጥላ አለው። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ድርጊቱ ወንጀል መሆኑ የቀረው በ1961 ነው፤ አነጋገሩ ግን ከዚያ በኋላም ቆየ። ዛሬ ብዙ የዜና ክፍሎች «ዳይድ ባይ ሱሳይድ» ይላሉ። ለሐዘንተኛው ቤተሰብም የሚቀለው ይሄ ነው።

ደረጃ 5፦ ስርቆት ከሆነ፣ ተሳቢው ዕቃ ነው ሰው?

እዚህ ላይ ረጋ እንበል፤ ከሚመጡልኝ ስህተቶች የሚበዙት ከዚህ ነው።

አማርኛ «ስልኬን ሰረቀኝ» ይላል። ስልኩም ሰውየውም በአንድ ግስ ውስጥ ተሳቢ ሆነው ይገባሉ። «ስቲል» ግን የሚወስደው ዕቃውን ብቻ ነው። «ሂ ስቶል ማይ ፎን» ትክክል ነው። «ሂ ስቶል ሚ» ካላችሁ ሌባው እናንተኑ ተሸክሞ ሄደ ማለት ነው። ስልኩ ይቅርና የሚያሳስበው የእናንተ መገኘት ይሆናል።

«ሮብ» ተቃራኒው ነው፤ የሚወስደው የተዘረፈውን ሰው ወይም ቦታ ነው። «ሂ ሮብድ ሚ»፣ «ዘይ ሮብድ ኤ ባንክ»። «ሂ ሮብድ ማይ ፎን» አይባልም። ዕቃውን መጨመር ከፈለጋችሁ «ኦፍ» አስገቡ፤ «ዘይ ሮብድ ሚ ኦፍ ማይ ፎን»። በተደራጊ ግስም ሕጉ ያው ነው። ስልክ «ስቶለን» ይሆናል፣ ሰው «ሮብድ» ይሆናል።

ቀጥሎ አደራረጉን እዩ። በሕግ «ሮበሪ» ለመባል ኃይል ወይም ማስፈራሪያ ያስፈልጋል። በ1911 ሞና ሊዛ ከሉቭር ሙዚየም ስትጠፋ የወሰዳት በሙዚየሙ ሠርቶ የነበረው ቪንቼንዞ ፔሩጃ ነበር። ከግድግዳ አውርዶ ይዟት ወጣ፤ ማንንም አልመታም። ያ «ቴፍት» ነው። በ1963 እንግሊዝ ውስጥ የፖስታ ባቡር አስቁመው 2.6 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ የወሰዱት ሰዎች ግን ነጂውን ጭንቅላቱን መትተውታል። ያ «ሮበሪ» ነው፤ ስሙም እስከ ዛሬ «ታላቁ የባቡር ሮበሪ» ነው። በወሬ መሃል ግን ማንም ይህን ያህል አይጠነቀቅም፤ ኪሱ ሳያውቅ የተበረበረም «አይ ዋዝ ሮብድ» ይላል። መደበኛ ጽሑፍ ላይ ነው መጠንቀቅ።

ሦስተኛው «በርግለሪ» ነው። ዋናው ነገር ወንጀል ለመፈጸም አስቦ፣ ሳይፈቀድ ወደ ሕንፃ መግባት ነው። ገንዘብ ባይነካም ቃሉ ይይዛል። በ1972 በአሜሪካ ዋተርጌት ሕንፃ ውስጥ፣ በዴሞክራቲክ ፓርቲ ጽሕፈት ቤት የተያዙት አምስት ሰዎች የመጡት ማዳመጫ ለመትከልና ሰነድ ፎቶ ለማንሳት ነበር። ከተከሰሱባቸው ወንጀሎች አንዱ ግን «በርግለሪ» ነው። ግሱ በብሪታንያ «በርግል»፣ በአሜሪካ «በርግላራይዝ» ነው።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ እንለፋቸው። ከሱቅ የሚሰርቅ «ሾፕሊፍተር» ነው፣ ኪስ አውላቂ «ፒክፖኬት»፣ ሁከት ሲነሳ ሱቅ ሰብሮ የሚዘርፍ «ሉተር»። በአደራ የተሰጠውን ገንዘብ ወደ ኪሱ ያስገባ «ኢምቤዝል» አደረገ ይባላል። ማታለል «ፍሮድ» ነው፤ ግሱ «ዲፍሮድ» ሲሆን እንደ «ሮብ» ሰውን ይወስዳል፣ ከዚያ «ኦፍ» ይከተላል።

አንድ ቀን ሽርካው ገንዘብ ያጭበረበረው ነጋዴ የጻፈውን አቤቱታ አነበብኩ። «ማይ ፓርትነር ቺትድ ኦን ሚ» ይላል። «ቺትድ ሚ» አጭበረበረኝ ነው። «ቺትድ ኦን ሚ» ግን በላዬ ላይ ሌላ ወደደብኝ ነው። «ፓርትነር» የሚለው ቃል ደግሞ የትዳር ጓደኛንም ይይዛል። ሁለት ፊደል ያላት «ኦን» የንግድ ክርክሩን የፍቺ ጉዳይ አስመሰለችው። ፈተና ላይ ሲሆን ግን «ቺት» ከፈተናው በፊት «ኦን» ወይም «ኢን» ይፈልጋል። «ዋሸኝ» ደግሞ «ላይድ ቱ ሚ» ነው፤ «ቱ» አትርሱ።

ደረጃ 6፦ ሞት ካለበት ሐሳቡን መርምሩ

«ኪል» ሰፊ ነው። አደጋም፣ በሽታም፣ ብርድም «ኪል» ያደርጋል። «መርደር» ሆን ተብሎ ከሕግ ውጭ የተፈጸመ ግድያ ነው። «ማንስሎተር» ከዚያ ዝቅ ያለ ነው፤ ለምሳሌ የመግደል ሐሳብ ሳይኖር በአደገኛ ድርጊት ወይም በከባድ ቸልተኝነት ሰው ሲሞት። አጻጻፉ «ላፍተር» የሚለውን ቃል ስለያዘ «ማንስ ላፍተር» ብሎ የሚያነብ አይጠፋም፤ ሳቅ የለበትም። «ሆሚሳይድ» ሰው በሰው እጅ መሞቱን ብቻ ይናገራል፤ ወንጀል ነው አይደለም አይልም።

«አሳሲኔት» ለታወቀ ሰው ነው፣ ብዙውን ጊዜም ለፖለቲካ። የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶቹ ሊንከን በ1865፣ ኬኔዲ በ1963 «አሳሲኔትድ» ሆኑ። ጎረቤቱን የገደለ ሰው ግን «አሳሲን» አይባልም። «ኤክስኪዩት» የሞት ፍርድ መፈጸም ነው፤ ጋዜጠኞች እጅ የሰጠ ሰው ሲረሸንም ይጠቀሙበታል።

ማስጠንቀቂያ፦ ፍርድ ሳይሰጥ «መርደር» ብላችሁ አትጻፉ። ፍርድ ቤቱ «ማንስሎተር» ወይም ራስን መከላከል ሊለው ይችላል። «ኪሊንግ» ወይም «ዴዝ» ብትሉ አትሳሳቱም።

ደረጃ 7፦ ጉዳዩ የት እንደደረሰ ለዩ፣ መስተዋድዱንም አብራችሁ ያዙ

በደብተራችሁ ሁለተኛ ገጽ ላይ ይህን እንዳለ ጻፉት። ግሱን ብቻ የሚያጠና ሰው ሁልጊዜ መስተዋድዱ ላይ ይወድቃል።

• ተጠረጠረ፦ «ሳስፔክትድ ኦፍ»
• ተያዘ፦ «አሬስትድ ፎር»
• ተወነጀለ፣ በማንም ሰው አፍ፦ «አክዩዝድ ኦፍ»
• በይፋ ክስ ተመሠረተበት፦ «ቻርጅድ ዊዝ»
• ለፍርድ ቀረበ፦ «ትራይድ ፎር»
• ነጻ ተባለ፦ «አክዊትድ ኦፍ»
• ጥፋተኛ ተባለ፦ «ኮንቪክትድ ኦፍ»
• ቅጣት ተወሰነበት፦ «ሴንተንስድ ቱ»

«ከሰሰኝ» ስትሉ እንግዲህ ቁሙና አስቡ። ጎረቤት «አንተ ነህ የሰበርከው» ካለ «አክዩዝ» ነው። መንግሥት በወንጀል ከከሰሰ «ቻርጅ» ነው። ሰው ወይም ድርጅት ካሳ ፈልጎ ፍርድ ቤት ከሄደ «ሱ» ነው፤ ከኋላው «ፎር» ይከተላል። «ታሰረ»ም እንዲሁ ነው። ዛሬ ፖሊስ ከያዘው «አሬስትድ»፣ ምርመራ ላይ ከቆየ «ዲቴይንድ»፣ ተፈርዶበት ከገባ «ጄይልድ» ወይም «ኢምፕሪዝንድ»።

«ተፈረደበት» ሁለት ነገር በአንድ አፍ ይናገራል። አሜሪካዊው የወንበዴዎች አለቃ አል ካፖን በ1931 በግብር ማጭበርበር «ኮንቪክትድ» ሆነ፣ ከዚያም ለ11 ዓመት እስር «ሴንተንስድ» ሆነ። መጀመሪያ ጥፋቱ፣ ቀጥሎ ቅጣቱ። የእሱ ወንጀል «ታክስ ኢቬዥን» ነው። «ታክስ አቮይዳንስ» ሌላ ነው፤ ሕጉ በፈቀደው መንገድ ግብር መቀነስ። ሁለቱን አቀያይራችሁ የሰው ስም አጠገብ እንዳታስቀምጡ።

ክርክር ሳይካሄድ ተከሳሹ ራሱ ካመነ «ፕሊድ ጊልቲ ቱ» ይባላል። አሜሪካዊው የገንዘብ አጭበርባሪ በርናርድ ማዶፍ በ2009 የቀረቡበትን 11 ክሶች ያመነው እንዲህ ነው፤ የተፈረደበት 150 ዓመት ነበር።

«ጊልቲ» የወንጀል ችሎት ቃል ነው። በፍትሐ ብሔር «ላያብል» ይባላል። ልዩነቱን ለማየት የቀድሞ ሚስቱንና ወዳጇን ገድሏል ተብሎ የተከሰሰውን አሜሪካዊ ስፖርተኛ ኦ ጄ ሲምፕሰንን ውሰዱ። በ1995 የወንጀል ችሎቱ ከግድያው ክስ «አክዊትድ» አለው። በ1997 በዚያው ሞት ጉዳይ የፍትሐ ብሔር ችሎት «ላያብል» ነው ብሎ ካሳ ፈረደበት። «በ1997 ጊልቲ ተባለ» ብሎ የጻፈ ሰው ተሳስቷል። «ላያብል»ን ደግሞ ከ«ላይብል» ጋር አታምታቱት። «ላይብል» በጽሑፍ የሰው ስም ማጥፋት ነው፤ በአፍ ሲሆን «ስላንደር» ነው።

«ኢምፒች»ም ብዙ ሰው ያሳስታል። ክስ ማቅረብ ነው እንጂ ከሥልጣን ማውረድ አይደለም። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ክሊንተን በታኅሣሥ 1998 በሐሰት ምስክርነትና ፍትሕን በማደናቀፍ «ኢምፒችድ» ሆኖ፣ በየካቲት 1999 በሴኔቱ ነጻ ተብሎ፣ የሥልጣን ዘመኑን ጨርሶ ነው የወጣው። በቃለ መሐላ ሥር የሚነገር ውሸት ራሱን የቻለ ስም አለው፤ «ፐርጀሪ»።

ማስጠንቀቂያ፦ ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ ሰውየው «ሳስፔክት» ነው፤ ከተከሰሰ «ዲፌንዳንት»። «ክሪሚናል» አይደለም። እኔ ራሴ ጀማሪ እያለሁ «ተጠርጣሪ»ን «ክሪሚናል» ብዬ ተርጉሜ፣ ወረቀቱ በቀይ ቀለም ተሞልቶ ተመልሶልኛል። ሰውየው በኋላ ነጻ ወጣ። ድርጊቱን ስትገልጹ «አሌጅድ» ወይም «አሌጅድሊ» («ተፈጽሟል የተባለ» እንደ ማለት ነው) ጨምሩ፤ ግን በየቃሉ ላይ አትበትኑት። በተለይ «አሌጅድ ቪክቲም» ስትሉ ተበዳዩን «ውሸታም ሳይሆን አይቀርም» ያላችሁ ሊመስል ይችላል።

ጮክ ብላችሁ የምታነቡ ከሆነ፦ «ሳስፔክት» እና «ኮንቪክት» ስም ሲሆኑ የመጀመሪያው ክፍል ጠንከር ብሎ ይነበባል፣ ግስ ሲሆኑ የመጨረሻው። «አብዩስ» ስሙ ነው፣ «አብዩዝ» ግሱ። ክስ መመሥረት የሚለው «ኢንዳይት» ደግሞ ሲጻፍ «ሲ» አለበት፤ ሲነበብ ግን የለም።

ደረጃ 8፦ ጥፋቱ የራሳችሁ ከሆነ

«ጥፋቱ የኔ ነው» «ኢትስ ማይ ፎልት» ነው። «አይ አም አት ፎልት»ም ይሆናል። «አይ አም ፎልቲ» ግን በፍጹም። «ፎልቲ» የሚባለው የተበላሸ ማብሰያ ወይም ሽቦው የተበጠሰ ባትሪ መሙያ ነው።

«አይ አም ሮንግ» ሐሳቤ ልክ አይደለም፣ ተሳስቻለሁ ነው። «አይ ዲድ ሮንግ» አጥፍቻለሁ ነው። «አይ ፊል ጊልቲ» ሕሊናዬ ወቀሰኝ ነው፤ ሕግ ባይጠይቃችሁም ይባላል። «አይ አም ጊልቲ» ግን ፍርድ ቤት የቆመ ሰው አነጋገር ይመስላል።

«ብሌም» በሁለት መንገድ ይሠራል። ሰውየው ከቀደመ «ፎር»፣ ነገሩ ከቀደመ «ኦን»። «ሺ ብሌምድ ሚ ፎር ኢት»፤ «ሺ ብሌምድ ኢት ኦን ሚ»። ይቅርታ ስትጠይቁ ደግሞ «አይ አፖሎጃይዝ ዩ» አትበሉ። ለሰውየው «ቱ»፣ ለነገሩ «ፎር» ያስፈልጋል።

ደረጃ 9፦ ቀልድ አለመሆኑን አረጋግጡ

እንግሊዝኛ ተናጋሪ በወንጀል ቃላት ይጫወታል። «ኢትስ ኤ ስቲል» ካለ ዕቃው እጅግ ረከሰ ማለቱ ነው። «ዴይላይት ሮበሪ» ዋጋው የማይቀመስ ነው። «ፓርትነርስ ኢን ክራይም» አብረው የሚያውደለድሉ ጓደኛሞች ናቸው። «ጌትስ አዌይ ዊዝ መርደር» የሚባለው ያሻውን አድርጎ ማንም የማይቆጣው ሰው ነው፤ የተበላሸ የመጨረሻ ልጅን አስቡ። «ማይ ባድ» ለወዳጅ «ጥፋቴ» ለማለት ይሆናል፤ ለአለቃ በሚጻፍ ደብዳቤ ውስጥ አታስገቡት።

ሌሎች የተለመዱ ስህተቶች

• «ክሪሚናል ሎየር» ወንጀለኛ ጠበቃ አይደለም፤ የወንጀል ጉዳይ የሚይዝ ጠበቃ ነው። «ክሪሚናል» ስምም ቅጽልም ይሆናል።
• «ኤቪደንስ» ላይ «ኤስ» አትጨምሩ፤ አይቆጠርም። ቁጥር ካስፈለገ «ፒስ ኦፍ» አስቀድሙ።
• «ፖሊስ ኢዝ» ሳይሆን «ፖሊስ አር»፤ ቃሉ ብዙ ቁጥር ነው።
• «ቲፍ» ሲበዛ «ቲቭስ» ነው፤ መጨረሻው «ኤፍ» ወደ «ቪ» ይቀየራል።
• የጠላት ተንኮልና የልጅ ተንኮል አንድ አይደሉም። የልጁ «ሚስቺፍ» ነው፣ የጠላቱ «ማሊስ»።

መለማመጃ

ከላይ ያለውን ሳታዩ ይህን አርሙ፦ «ኤ ክሪሚናል ስቶል ሚ። ሂ ሜድ ኤ ክራይም። ፖሊስ ቻርጅድ ሂም ፎር ሮበሪ። ዘ ጃጅ ኮንቪክትድ ሂም ቱ ቱ ይርስ።» የሆነው ነገር ይህ ነው፦ አንድ ሰው በር ላይ የቆመችን ብስክሌት ማንም ሳያየው ወሰደ፤ ተያዘ፤ ተከሰሰ፤ 2 ዓመት ተፈረደበት።

አንደኛው፦ ብስክሌቷ ስትወሰድ ገና ፍርድ ስላልተሰጠ «ክሪሚናል» ወደ «ሰምዋን» ይቀየራል፣ ተሳቢውም ብስክሌቷ ትሆናለች፤ «ሰምዋን ስቶል ማይ ባይክ»። ሁለተኛው፦ «ሜድ» ወጥቶ «ኮሚትድ» ይገባል፤ እኔ ብሆን ግን ዓረፍተ ነገሩን እሰርዘዋለሁ፣ ስርቆት ወንጀል መሆኑን አንባቢው ያውቃል። ሦስተኛው፦ ማንም ስላልተመታና ስላልተስፈራራ «ሮበሪ» አይደለም፣ «ፎር»ም ቦታው አይደለም፤ «ቻርጅድ ሂም ዊዝ ቴፍት»። አራተኛው፦ ዓመቱ ቅጣት ስለሆነ «ሴንተንስድ ሂም ቱ ቱ ይርስ» ነው። ሁለቱ «ቱ»ዎች በድምፅ አንድ ናቸው፤ የመጀመሪያው መስተዋድድ ነው፣ ሁለተኛው ቁጥር። አንዱን «ተደግሟል» ብላችሁ እንዳትሰርዙት።